የሳታኮፓን ድርሻ

ሳታኮፓን ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ወዲህ በደቡብ ህንድ ኩምባኮናም ከተማ ባለው ቤታቸው ቁርስ የሚሰናዳው ለእሱ ነው። ሚስቱ አላሜሉ ነጩን ሩዝ ትታ ኢድሊ የሚባለውን ለስላሳ ክብ ዳቦ በዳጉሳ ታቦካለች፤ ሁለት ብቻ በእንፋሎት ታበስልለትና ሳምባሩን፣ የምስር ወጡን፣ በአትክልት ታበዛዋለች። እሱ መጀመሪያ ሳምባሩን፣ ከዚያ ኢድሊውን ቀስ ብሎ ይበላና ጎረቤት እስኪሰማ ስለ ቆራጥነቱ ያወራል። ቆራጥነቱ በእሷ እጅ የተቦካ መሆኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም። በየማለዳው ለአምላካቸው ለቪሽኑ የሚቀርበው፣ በሸንኮራ ስኳርና በቅቤ የራሰው ሩዝ። ለአምላክ ዳጉሳ አይቀርብም። የቀረበውን መጣል ደግሞ ኃጢአት ነው። ድሮ ለሁለት ይካፈሉት ነበር። ሐኪሙ ከከለከለው በኋላ ግን ሳታኮፓን በጣቱ ጫፍ ይቀምስና ሳህኑን ወደ እሷ ይገፋል።

"የኔንም አንቺው ብይው" ይላል፣ ትልቅ ቸርነት የዋለላት ይመስል።

እሷም እሱ እስኪጠግብ ጠብቃ፣ ጓዳ ቆማ፣ የሁለት ሰው ጣፋጭ በባዶ ሆዷ ትበላለች።

የእግሯ ቁስል አልድን ሲላት፣ እሱ ለምርመራ በሚሄድበት ቀን ተከትላው ሄደች። ሐኪሙ የእሱን ውጤት አይቶ አመሰገነው። የእሷን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"እማማ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። በዚሁ ከቀጠለ እግርዎ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የሚበሉት?"

ሳታኮፓን ቀደማት። "በኔ ቤት ጣፋጭ አይበላም፣ ዶክተር። እኔን አያዩኝም? ተደብቃ ትበላለች ማለት ነው።"

"ተደብቄ አይደለም" አለች አላሜሉ። "የእርስዎን ድርሻ ነው የበላሁት።"

በማግስቱ ጸሎቱን ጨርሶ ሳህኑን እንደ ልማዱ ገፋላት። አልነካችውም።

"ብይ እንጂ።"

"አልበላም። ሐኪሙን ሰምተውታል።"

"የአምላክ ነገር በሽታ አያመጣም። ደግሞስ ልንጥለው ነው? ኃጢአቱ በማን ላይ ሊሆን?"

"እንግዲያው እርስዎ ይብሉት፣ የጎቪንዳን አባት" አለችው፣ እንደ ወጉ በልጃቸው ስም ጠርታ።

ሳታኮፓን ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

"በቃ ለላም ስጫት" አለ። "ላም ከበላችው ኃጢአት የለውም።"

ይሄንን አላሜሉም ታውቃለች። ባል የሰጣትን ድርሻ ለላም ይዛ ወደ በር መውጣት ግን ለሚስት ነውር ነው፤ ቃሉ ከእሱ አፍ መውጣት ነበረበት። እግሯ ሲመግል ያልወጣው ቃል፣ ሳህኑ ወደ እሱ ሲዞር ባንድ አፍታ ወጣ።

"ምን ይገትርሻል? ኢድሊዬን አምጪ፣ ሰዓቴ አለፈ፤ ስኳሬ ይዛባል።"

እያነከሰች ጓዳ ገባችና ሁለቱን ኢድሊ ከነሳምባሩ ይዛ መጣች። ከዚያ እፊቱ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ እያላመጠች፣ ሁለቱንም በላቻቸው።