ሁለት ራስ ያላት ርግብ

ልብስ ሰፊዋ የተገጣጠመውን የከተማ ባንዲራ መስኮቱ ላይ ዘርግታ ስታየው ክው አለች። ብርሃን ሲያልፍበት መሃሉ ላይ የተሰፋችው ርግብ ሁለት ራስ አወጣች፤ አንዱ ወደ ምሰሶው፣ አንዱ ወደ ውጭ።

የዋና ከተማዋ ዓርማ ቁልፍ በአፏ የያዘች ርግብ ናት። ፊቷ ምንጊዜም ወደ ምሰሶው ነው፤ ምሰሶው ቤት ነው፣ እሷም ወደ ቤቷ የምትመለስ ናት። ፊቷን ካዞረች ግን ቁልፍ ይዛ የምትኮበልል ሌባ መሆኗ ነው። ስለዚህ የጀርባው ገጽ ርግብ የምትሰፋው ቀኝና ግራዋ ተገልብጣ ነው።

የፊቱን ልብስ ሰፊዋ ሰፋች፣ የጀርባውን ታናሽ እህቷ፣ በየቤታቸው። "ገልብጪው" የምትለዋን አንዲት ቃል ግን ማን ይናገር? እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ተኳርፈዋል። ለቅሶው ላይ በሰው ፊት "ስትታመም የት ነበርሽ?" ያለችው ትልቋ ናት። ከዚያ ወዲህ ጨርቁም ንድፉም የሚመላለሰው በባሏ እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የሰጡትን ከማድረስ በቀር ትንፍሽ አይልም።

"የሰፋሽው ይፈታ ብላት ሆን ብዬ ያዋረድኳት ነው የሚመስላት፤ አሁንስ ለይቶልን ተቆራረጥን" አለችው ባሏን።

"ይሄንንስ እኔ አላደርስም። ራስሽ ሂጂ።"

ባንዲራውን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች። እህቷ በሩን ከፈተችላት። እሷም ገብታ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ዘረጋችው።

"የምትሸሸው የእኔዋ ናት አይደል?" አለች ታናሽየዋ። "መቼም ጥላ የምትሄደው እኔ ነኝ።"

"ንድፉን 'ገልብጪው' ሳልል የላክሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ክፉ የተናገርኩሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

ታናሽየዋ ሁለቱን ራሶች በጣቷ ተከትላ አየች። ትልቋ ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ታናሽየዋ ሳቀች።

"እታለም፣ እንዲሁ ብንሰቅላት እኮ ከንቲባው 'ወደፊትም ወደኋላም የምታይ ከተማ' ብሎ ንግግር ያደርግባት ነበር።"

ትልቋም ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ምላጭ አምጥተው የጀርባዋን ርግብ ጠርዝ ከሁለት ወገን ይዘው ተረተሩት። የርግቧ ጨርቅ ፊትና ጀርባው አንድ ስለሆነ መገልበጥ ብቻ በቃት።

"የእማማን ቤት ቁልፍ ቀይራችሁታል?" አለች ታናሽየዋ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

"አልቀየርነውም" አለች ትልቋ። "በያዝሽው ይከፈታል።"