ሃያ አራቱ ቀለበቶች

በምርምር ክፍሉ ውስጥ የራጅ ባለሙያዋን ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላት፤ በአስራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቁጥር ተሳስታ ስለማታውቅ። ታናሽ እህቷ፣ ያቺ እጇን ይዛ ፊደል ያስቆጠረቻት ልጅ፣ ሐኪም ሆና የዚሁ ክፍል ጥናት መሪ ስትሆን፣ ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ሚዛንም በጥርሷ ሳቀች።

ጥናቱ የአንጀትን ሥራ የሚለካ ነበር። ሆድ ድርቀት ያስቸገራቸው ሰዎች በራጅ የሚታዩ ሃያ አራት ጥቃቅን ቀለበቶች የያዘ ካፕሱል ይውጣሉ፤ በአምስተኛው ቀን ራጅ ይነሳሉ። ሆድ ውስጥ የቀሩት ከአምስት ካነሱ አንጀቱ ደህና ነው፤ ብዙ ከቀሩ ግን አንድ ነገር አለ። ፊልሙን የምታነሳውም፣ ቀለበቶቹን የምትቆጥረውም ሚዛን ነበረች። እህቷ ከመጣች ወዲህ ግን «እትዬ፣ ቆጠራውን ለኔ ተዪው፣ አንቺም ትንሽ ዕረፊ» ብላ ወሰደችባት። ለደግ ብላ ነው። እሱ ደግሞ የባሰ አንገበገባት።

ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ አስቁሞ «እህትሽ እኮ ልዩ ናት!» ባላት ቁጥር የበላችው አይወርድላትም። እናታቸው እንኳ ስትደውል «ዶክተሯ እንዴት ናት?» ትላለች እንጂ «አንቺስ?» የሚል ቃል ካፏ አይወጣም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሚዛን ፊልሞቹን ስትደረድር የአንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ወረቀት እጇ ገባ። በእህቷ ጽሕፈት «አራት፤ ደህና» ይላል። ፊልሙን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ሦስቱ ቀለበቶች ተበታትነዋል። አራተኛው ተብሎ የተቆጠረው ግን አንድ አልነበረም፤ ብዙ ቀለበት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ነው። ዓይኗን አጥብባ ቆጠረች። በጠቅላላው አስራ ሰባት።

ደስ አላት። ሐሙስ እህቷ ውጤቱን በፕሮፌሰሮች ፊት ታቀርባለች። «እዚያው ጉዷ ይውጣ» አለች በሆዷ፤ ፊልሙንም ፖስታው ውስጥ መለሰችው።

ማክሰኞ ሾፌሩ ራሳቸው ግድግዳ እየያዙ መጡ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ልጄ፣ ደህና ነህ ብላችሁኝ አልነበር? ምግብ ከቀመስኩ ሦስት ቀኔ ነው። እኔ ነኝ የምዋሸው ወይስ ሆዴ?»

«ዶክተሯ ስብሰባ ላይ ናት፣ እዚህ ይጠብቋት» ልትል አፏን ከፈተች። ሰውዬው አግዳሚው ላይ ተጣጥፈው ሲያቃስቱ ግን ወደ ስብሰባው ክፍል ዞረች። እየሮጠች ሄዳ እህቷን ከስብሰባ ጠርታ አወጣቻት።

«ሾፌሩ አራት አይደለም ያለባቸው። አስራ ሰባት ነው፤ ተደራርቦ ነው።»

እህቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «መቼ አየሽው?»

«ትናንት።»

«ዛሬ ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ጠዋት።»

እህቷ ወደ ሾፌሩ ሮጠች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አንጀታቸውን ያጠበበ እብጠት ወጣላቸው። ቀዶ ሐኪሙ «አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ አንጀታቸው ይፈነዳ ነበር» አለ።

ሐሙስ እህቷ ፕሮፌሰሮቹ ፊት ቆማ «የቆጠራው ስህተት የኔ ነው፤ ያገኘችው ደግሞ እህቴ ናት» አለች። ስለ ሰኞ አላነሳችም። ተጨበጨበ። ሚዛን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። ሰው ሲበተን ተከትላት ቢሮዋ ገባች።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«ምን ብዬ? እህቴ ቀናችብኝ ብዬ?» እህቷ ቀና ብላ አላየቻትም። «በኔ መቅናትሽን ከመጣሁ ጀምሮ አውቃለሁ። ሰውዬው ግን ምን አደረጉሽ?»

ሚዛን በሩን ዘግታ ወጣች። በሳምንቱ ሾፌሩ የተኙበት ክፍል ገባች። ገና ሲያዩዋት «ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለው እጇን ያዙ።

«አይመርቁኝ። ሰኞ አይቼው ዝም ብዬ ነበር» አለች፤ ምክንያቱንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ሰውዬው እጇን ለቀው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እሷም አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀረች፣ ሂጂ እስኪሏት። አላሏትም።

«እስቲ ያንን ውሃ አቀብዪኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ሳይዞሩ። ሚዛን ተነስታ ብርጭቆውን አነሳች፤ አንገታቸውንም ደገፍ አድርጋ አጠጣቻቸው።