የተሰረዘው ጭረት

የከዋክብት ተመራማሪዋ ነገሩ አልዋጥላት ብሏል። በተጨናነቀ የሰማይ ክፍል ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች ኮከብ የሚሠሩበት ጋዝ በግፊያው እየተገፈፈ አዲስ ኮከብ መሥራት ያቆማሉ፤ ዛሬ ፎቶዋን የምትመረምራት ጋላክሲ ግን እዚያው ግፊያ መሃል ሆና በአዲስ ኮከብ ተሞልታለች። ምሳ ይዘውላት ቢሮዋ ለመጡት እናቷ ይህንኑ አጫወተቻቸው።

«እኔስ?» አሉ እናቷ። «አባትሽን አግብቼ አሥራ አንድ ሰው ያለበት ቤት ስገባ፣ ዓመት ሳይሞላኝ ዘፈን እርግፍ አድርጌ ተውኩ።»

ልጅ ሳቀች። «የመጀመሪያው ወር ላይስ?»

«የመጀመሪያውንማ እልህ ይዞኝ በዘፈን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት!»

ሳቋ ቀጥ አለ። ጠዋት ፎቶውን ስታጸዳ ከጋላክሲዋ ኋላ የተንጠለጠለ ጭረት አይታ፣ እንደ ልማዷ የካሜራ እድፍ ነው ብላ ሰርዛው ነበር። ያልተነካውን ፎቶ ከፈተች። ጭረቱ እድፍ ሳይሆን ተገፍፎ ወደ ኋላ የቀረ ጋዝ ነው። ጋላክሲዋ ወደ ግፊያው ገና መግባቷ ነው፤ ግፊያው የቀራትን ጋዝ እየጨመቀ ለጊዜው ኮከብ ያሠራታል።

«እማዬ፣» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «የዚያን ወር ዘፈን ታስታውሺዋለሽ?»

እናቷ በሩን ዘጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።