የቁርሱ ማሻሻያ

ኑሲባ የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ስድስት ወር ክፍል ውስጥ ያስተምራትና ስድስት ወር ደግሞ ደመወዝ እየተከፈላት እንድትሠራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይልካታል። በመጨረሻው ዓመት የደረሳት ሱዳን ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። ለመመረቅ የቀራት መሥሪያ ቤቱን በአንድ ነገር አሻሽላ ማሳየት ብቻ ነበር። መምህርቷ ዶክቶራ ሉጥፊያ መጥታ በዓይኗ አይታ ካልፈረመች ዓመቱ ይደገማል። ኢትዮጵያዊቷ እናቷ ሐመልማል ደግሞ ሪያድ ውስጥ ለሚሠሩት ጓደኞቿ ሁሉ «ልጄ መንግሥት ሆናለች» ብላ አውርታ ጨርሳለች። ስለዚህ መውደቅ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ችግሩን ለማግኘት ሊቅ መሆን አያሻም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ፉል ሰኒያ በሚሉት ትልቅ ትሪ ይመጣል፤ ሠራተኛው ሁሉ ይከበዋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ባለጉዳዩም አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ኑሲባ ቁርሱን በሁለት ፈረቃ ከፈለችው፤ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ይሠራል። ሠንጠረዡንም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምራ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ወይ ጉድ! አባቷ ሱዳናዊ፣ እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ እዚህ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው እንደሌለ እንዴት ይጠፋታል? የመጀመሪያው ፈረቃ ገና ሳይጎርስ ሁለተኛውን «ተፈደሉ! ኑ ብሉ!» ብሎ ጠራ፤ እምቢ ማለት ነውር ነውና ሁሉም ተቀመጡ። የሁለተኛው ሰኒያ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኞቹ በተራቸው የመጀመሪያዎቹን ጋበዙ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለቴ እየበላ መስኮቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዘጋ ጀመር።

አለቃዋ ኡስታዝ ከቢር በሳምንቱ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ፣ «ወላሂ ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ በሃያ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ማሻሻያ አላየሁም!» አላት። ኑሲባ መዝገብ ቤት ገብታ አለቀሰች።

በማግስቱ መስኮቱን ራሷ ልትጠብቅ ቆረጠች። የመዝገብ ቤቷ በኺታ ግን የምትለቅ ሴት አይደለችም።

«ተፈደሊ!»

«ጠግቤያለሁ።»

«በምኑ? ተፈደሊ!»

«ሆዴን አሞኛል።»

«ፉል መድኃኒቱ ነው! ያላ!»

ኑሲባ የምትለው ቢጠፋት፣ «ጾመኛ ነኝ! የገና ጾም፣ በእናቴ በኩል!» አለች። ጾመኛን ማን ደፍሮ ይጋብዛል? ያን ቀን መስኮቱ ክፍት ዋለ፤ ሰልፉም ከስድስት ሰዓት በፊት አለቀ።

ጀሪፍ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገብታ ለእናቷ እየሳቀች ብትነግራት ሐመልማል አልሳቀችም። «በጾም ይዋሻል እንዴ? ሐራም ነው! ጾመኛ ነኝ ካልሽ ትጾሚያታለሽ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንዳትቀምሺ!»

ጾመች። ላገሩ ሲል ደሙን የሚያፈስ አለ፤ ኑሲባ ላገሯ ስትል ያን ሁሉ ሳምንት የሰሊጥ ዘይት እያሸተተች ምራቋን ዋጠች።

ዶክቶራ ሉጥፊያ የቀጠረችው ከገና በኋላ ባለው ሐሙስ ነበር። በዚያ ጠዋት በኺታ ደስ ብሏት፣ «ኸላስ፣ ገና አለፈ! ተፈደሊ!» አለቻት።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች ኑሲባ፤ «በአባቴ በኩል የሱና ጾም እየጾምኩ ነው።»

በኺታ ጉርሻዋን እንደያዘች አፍጥጣ አየቻት። «በአያትሽ በኩልስ መቼ ነው?»

ዶክቶራ ሉጥፊያ ደረሰች። መስኮቱ ክፍት፣ ሰልፉ አጭር፣ ባለጉዳዩም እያመሰገነ ይወጣል። ብዕሯን አወጣችና ድንገት ቆም አለች።

«መስኮቱ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። የሚቀጥለው እሑድ ሥራ ሲጀመር፣ አንቺ ክፍል ስትመለሺ ማን ይከፍተዋል?»

ኑሲባ ዞራ ሰኒያውን የከበቡትን አየች።

«ይህማ ማሻሻያ አይደለም፣ ያ ቢቲ። የአንድ ሰው ረሃብ ነው» አለችና ብዕሯን ከደነች። ኑሲባ የእናቷ ፊት መጣባት።

«እሑድ እኔ ነኝ» አለች በኺታ ከሰኒያው አጠገብ። ሁሉም ዞር አሉ። «ምን ታዩኛላችሁ? ከረመዳን የቀረብኝ ስድስት ቀን አለ፤ እናንተ ተፈደሊ እያላችሁ መቼ አስጾማችሁኝ?»

ኡስታዝ ከቢርም ሆዱን እያሻሸ፣ «ሰኞን ለኔ። ሐኪሙ በዚህ በሁለት ቁርስ ልትሞት ነው ብሎኛል» አለ። የቀሩት ቀናትም ወዲያው ባለቤት አገኙ፤ ለካ ሰው ሁሉ ከዚያ ሰኒያ የሚያስጥለው ሲፈልግ ነበር የከረመው!

ኑሲባ የጥንቱን ሠንጠረዥ ከግድግዳው ገነጠለችና በጀርባው «የጾመኞች ተራ» ብላ ጻፈች። የበላተኛ ተራ ማውጣቷ ነበር ስሕተቷ። ዶክቶራ ሉጥፊያ አንብባ የተከናነበችው ቶብ ከትከሻዋ እስኪንሸራተት ሳቀችና ብዕሯን እንደገና ከፈተች።

«ቆይ ቆይ፣ ዶክቶራ!» አለ ኡስታዝ ከቢር። «ሳይበሉ መፈረም አለ እንዴ? ተፈደሊ!»

ዶክቶራዋ ጾመኛ አልነበረችም። ምን ታድርግ? ተቀመጠች። ኑሲባ በአንድ ዓይኗ ባለጉዳይ፣ በሌላው ያን ብዕር እየጠበቀች አንድ ሰዓት ተኩል ቆመች። በመጨረሻ ፊርማው መጣ፤ ከነዘይቱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሐመልማል ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ይህ ቅባት ምንድን ነው?»

«የመንግሥት ማኅተም ነው።»

እናቷ እልል አለችና ለማፍጠሪያ ያዘጋጀችላትን አቀረበች፤ ሰሃን ሙሉ ፉል። ኑሲባ ስትመኘው የከረመችውን ቆርሳ ጎረሰች። አልወረደላትም። ሁለተኛውን ቆረሰችና እጇን ዘረጋች።

«እማ፣ ተፈደሊ እንጂ! ብቻዬን ልታበዪኝ ነው?»