ከገጽ ዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ

ሰፈሩ ልጁን «ሊቁ» ብሎ መጥራት የጀመረው ገና የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ነው። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነበር። አባቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወትና አንድ የደንበኛ ወንበር በያዘች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ኖሯል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ ከሂሳብ ጋር መማር ሲጀምር፣ ምን እንደሚያጠና ለጠየቀው ሁሉ «የማይታየውን ነው የሚለካው» ይል ነበር።

«እሱስ የማይታየውን ይለካ» አለው አንድ ቀን ጡረተኛው ሹፌር፣ የዘወትር ደንበኛው። «አንተ የሚታየውን ወገቤን መች በትክክል ለክተህ ታውቃለህ?»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አባትየው ነበር። ስሙም በዚያው ጸና። አክስቱ ቴሌቪዥኗ በተበላሸ ቁጥር ሊቁን ታስጠራዋለች፤ እሱ ግን ገመዱን ነቅሎ መልሶ ከመሰካት ሌላ የሚያውቀው ዘዴ አልነበረውም።

ሦስተኛውን ዓመት ውጭ አገር ተማረ። እዚያ የሆነውን ለማንም አልተናገረም። በትልቁ አዳራሽ ሰሌዳው ሦስት ድርብ ነበር፤ መምህሩ አንዱን ሞልቶ ወደ ላይ ይገፋና ሌላውን ጎትቶ ያወርዳል። ሊቁ ቀና ሳይል ይገለብጣል። አንዳንዴ መምህሩ «ግልጽ ነው» ይልና ሦስት አራት መስመር ይዘላል። አዳራሹ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሊቁም ይነቀንቃል። አገሩ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነበርና አለመግባት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አልገባኝም የሚባለው በምን አፍ እንደሆነም አልተማረም። ለአባቱ ሲደውል «ጥሩ ነው፣ አባዬ» ይላል።

አብሮት የሚኖረው ልጅ ከሌላ አገር የመጣ ነበር። ከአፉ ቃል ስለማይወጣ ሊቁ በልቡ «ጸጥታ» ብሎ ሰየመው። ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ቋንቋ የሚያወሩት ስለ ልብስ ማጠቢያው ተራ ብቻ ነው። ጸጥታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ አንድ ነገር ሲያሰላ ከረመ። በሚሽከረከር ከባድ ኮከብ አጠገብ የሚያልፍ ብርሃን ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳይ አቋራጭ ስሌት ነበር። ዓመቱ አልቆ ሲለያዩ ደብተሩን አውጥቶ ሰጠው።

«ፎቶ አንሳው» አለ። «ካልገባህ ጠይቀኝ።»

ሊቁ ፎቶ አነሳ። አልጠየቀም።

በአራተኛው ዓመት አገሩ ተመልሶ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ዐሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ እንዲያው አይቼው ልመለስ ብሎ ፎቶዎቹን ከፈተ። ካየ በኋላ መጻፍ ጀመረ። የማን ሥራ እንደሆነ በኋላ ከግርጌ እጽፋለሁ አለ። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ጽሑፉ ገባ።

አማካሪው መምህርት፣ ፀሐይ ወጥታለች ቢሏት እንኳ ማስረጃህ የታለ ትላለች እያሉ ተማሪዎቹ «ማስረጃ» የሚሏት ሴት ናት። ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ አስጠራችው። ወንበሩ ላይ የተከመረውን ወረቀት ወለሉ ላይ አውርዶ ተቀመጠ። ጽሑፉ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ተከፍቷል፤ በእርሳስ አንድ ትንሽ ክብ ተሠርቶበታል።

«እስከዚህ ድረስ ጊዜ መደመር ነው» አለች። «ከዚህ ጀምሮ መቀነስ ሆነ። ገጽ ሃያ ላይ ተመልሶ መደመር። ምን ነካው?»

ጊዜና ቦታ ባንድነት ሲለኩ አንዱ የመደመር፣ ሌላው የመቀነስ ምልክት ይይዛል። የትኛው የትኛውን ይያዝ የሚለው ስምምነት ነው፤ በእነሱ ትምህርት ክፍል ጊዜ ሁልጊዜ መደመር ነው፤ ጸጥታ የተማረበት ቤት ደግሞ መቀነስ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ካልተቀላቀሉ። መጨረሻው ላይ ቁጥሩ በራሱ ስለሚባዛ ልዩነቱ ይጠፋና መልሱ ልክ ይወጣል። ሊቁ ስድስቱን ገጽ ሲገለብጥ ምልክቱን ልብ አላለውም ነበር። አፉን ሳይከፍት መምህሯ ራሷ መለሰችለት።

«እዚያ የለመድከው ነው አይደል? እኔም ውጭ ተምሬ ስመለስ ዓመት ሙሉ ምልክት ይምታታብኝ ነበር።»

«አዎ፣ ዶክተር» አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያደረገው ዝም ማለት ነበር፤ አሁን ውሸቱ አፍ አወጣ።

መምህሯ ፈገግ አለች። ስድስቱ ገጾች ከቀረው ሁሉ እንደሚበልጡ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ያለችውን አንዲት ቦታ ለእሱ የምትጠይቀው በእነሱ እንደሆነ ነገረችው። ሐሙስ ጽሑፉን ሲያቀርብ ምልክቱን ወደ አገር ቤቱ መልሶ ሰሌዳ ላይ እንዲሠራው ብቻ ጠየቀችው።

ማክሰኞንና ረቡዕን ምልክት ሲገለብጥ ዋለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች በቀላሉ ተገለበጡ። ገጽ ዐሥራ ስድስት ላይ ግን አንድ የመቀነስ ምልክት ነበረች፤ በሚቀጥለው መስመር የለችም። የት እንደገባች አያውቅም። እሱ እንደመሰለው ሲሠራው ብርሃኑ ወደ ኮከቡ በመታጠፍ ፈንታ ኮከቡን እየሸሸ ሄደ። ለጸጥታ መልእክት ጀመረ፤ «ደብተርህ ገጽ ሦስት ላይ…» ብሎ አጠፋው። አሁን መጠየቅ መገልበጡን መናገር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት አባቱ አዲሱን ኮት ሊለካለት ጠራው። ለሐሙስ የሰፋው ነው። ክንዱን አንስቶ ቆመ፤ አባቱ በጠመኔ ትከሻው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሹፌሩ ከደንበኛ ወንበር ላይ ሆኖ ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየና ሲያገባ የለበሰው የጎረቤቱን እንደነበር አጫወታቸው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው። እኔን አድምቆኛል፤ ስመልሰው ነው የጨለመው።»

አባቱ ሳቀ። ሊቁ መስታወቱን መመልከት ተሳነው።

«አባዬ፣ ነገ ሱቁን አትዝጋ» አለ። «አይገባህም እኮ።»

«ባይገባኝስ? ልጄ ሲናገር አያለሁ» አለ አባቱ፣ መርፌ በጥርሱ እንደያዘ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራንና ዐሥር የማይሞሉ ተማሪዎች ነበሩ። አባቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ መለኪያ ሜትሩን ከኪሱ ማውጣት ረስቶ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ሊቁ እስከ ገጽ ዐሥራ ሦስት ሳይደናቀፍ ሄደ። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስትን ጻፈ። ዐሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ ጠመኔው ቆመ። መስመሩን ዘለለና፣

«ከዚህ ወደዚህ… ግልጽ ነው» አለ።

«ለእኔ ግልጽ አይደለም» አለች ማስረጃ። በክፋት አይደለም፤ ወትሮም እንዲሁ ናት።

ሊቁ ዘወር አለ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ አባቱ ብቻ ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ ግልጽ ነው የተባለውን ተቀብሎ፣ ልክ እንደገባው ሰው፣ ልጁ እንዳያፍር ቀስ ብሎ ይነቀንቃል። ሊቁ ያንን ነቀነቃ ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ የነቀነቀው እሱ ራሱ ነው።

«ከገጽ ዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ያለው የኔ አይደለም» አለ። «አብሮኝ ይኖር የነበረ ልጅ ሥራ ነው። ሳልነግረው ገለበጥኩት።»

የአባቱ ራስ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ክፍል ከተባለው ሁሉ የገባው ይኸው አንድ ነገር ነበር።

መምህሯ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። «ሰኞ ጠይቄህ ነበር» አለች።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«መልሱን እኔ ራሴ ሰጠሁህ። አምኜህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ አጭር ነበር። ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ ኮሚቴው ከፈቀደ ዐሥራ ሦስቱ ገጽ ብቻ ይታረማል፤ ቦታዋን ይርሳት፤ ሥራውን ለሠራው ልጅ ራሱ ይጽፍለታል። ሊቁ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ዳስተሩን ሲያነሳ «ተወው፤ መልካም ሥራ ነው» አለችው። ከሁሉ ይህ ቆረጠው።

አባትና ልጅ ደረጃውን ወረዱ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲደርሱ አባቱ ከኪሱ የተንጠለጠለውን ሜትር አይቶ ጠቅልሎ መልሶ ከተተው።

«ልጁ ያውቃል?» አለ።

«አያውቅም።»

«ዛሬ ይወቅ።»

ሱቁን ሲከፍቱ ሹፌሩ በር ላይ ይጠብቅ ነበር። እነሱን ተከትሎ ገባና ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሊቁ መምህራኑን አፍ አስከፈታቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊቁ ኮቱን አውልቆ ደንበኛ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ነበር። ከዚያው ሆኖ የአባቱን መልስ አዳመጠ።

«ዐሥራ ሦስት ገጽ ሠርቷል» አለ አባቱ።

«በቃ?»

«በቃ።»

የስፌት መኪናው መንኳኳት ጀመረ፤ ሹፌሩም አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም፣ ስለ ወገቡ እንኳ አላነሳም። ሊቁ ከመጋረጃው ጀርባ ስልኩን አወጣ። ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻ ያለ ሰላምታ ጀመረው።

«ካልገባህ ጠይቀኝ ብለኸኝ ነበር። አልገባኝም ነበር።»