የመርፌው ፈቃድ

አሥራ አራት ዓመት አጥቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ ስድስት ዓመት ደግሞ አሠልጥኛለሁ። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ያደክማል ብትሉኝ፣ ደረጃ መውጣቱ ነው እላችኋለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ካለቀለት ቆይቷል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ አርፌ ስደርስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ዛሬ ደግሞ የትኛው ፎቅ ላይ አደርክ እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም የድሮ አሠልጣኜን መራገም እጀምራለሁ። በመርፌ አደንዝዞ አጫወተኝ፣ እሱም ሰው ተብሎ፣ እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አውርቻለሁ።

ባለፈው እሁድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበረን። ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፤ ካላሸነፍን እንወርዳለን፣ እኔም ሥራ ፈላጊ እሆናለሁ። የክለቡ ፕሬዝዳንት ይህን ሲነግረኝ ፈገግ እንኳ አላለም። ጎል የሚያገባልን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጓደኞቹ "ችኩሉ" የሚሉት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ምን ያደርጋል፣ ሐሙስ ልምምድ ላይ ጉልበቱ አበጠ።

ሐኪማችን አንድ ደንብ አለው፦ አሠልጣኙ በገዛ አፉ "ውጋው" ካላለው የማደንዘዣ መርፌ አያነሳም። ኋላ ጣጣ ቢመጣ ብቻውን እንዳይጠየቅ ነው። እሁድ ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ የልጁን ጉልበት ደባበሰና ውሃ መቋጠሩን፣ ዛሬ ከሮጠበት ጅማቱ እንደሚበጠስ ነገረኝ። ከዚያ መርፌውን ከነማሸጊያው ይዞ አፍ አፌን ያየኝ ጀመር።

አይሆንም ልለው ነበር፤ እውነቴን ነው። ልጁ ግን ከአልጋው ወርዶ ክንዴን ያዘ።

"ጋሼ፣ በናትህ አስወጋኝ። ቢበጠስም የኔ ጉልበት ነው። ዛሬ ካልተጫወትኩ በቁሜ ሞቻለሁ።"

ክው አልኩ። እነዚህን ቃላት አውቃቸዋለሁ፤ የኔ ናቸው። ያ ስሙን ሳጠፋ የኖርኩት ሰውዬ ተው ልጄ፣ ይቅርብህ ብሎኝ ነበር። ክንዱን ይዤ በናትህ ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን እየዘለልኩ ነው ያወራሁት! በዚህ ዕድሜዬ በራሴ አፈርኩ።

ማፈር ግን ሥራ ላይ አያቆይም። ደክሞኝም ነበር። በዚህ ጉልበት፣ በዚህ ዕድሜ፣ ሌላ ክለብ ደጅ ልጠና? ታከተኝ።

"ውጋው" አልኩት።

ሐኪሙ ማሸጊያውን ቀደደ።

በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ አገባ። አንድ ለዜሮ፤ ተረፍን። ደጋፊው አበደ፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ፕሬዝዳንት አቅፎ ሳመኝ። ልጁ ግን ኳሷን ከመታበት ቦታ መነሳት አቃተው። ሐኪሙ ሮጦ ገብቶ ጉልበቱን ዳሰሰ፤ ወደኔ ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በቃሬዛ አወጡት።

መልበሻ ክፍል የገባሁት ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ ይስቃል፤ ምንም አያመውም። ጎንበስ ስልለት አንገቴን አቅፎ ጉንጬን ሳመኝ።

"ጋሼ፣ ባንተ ነው እኮ ይህን ያየሁት። እግዜር ይስጥልኝ።"

ይቅርታዬን ትቼ ግንባሩን ሳምኩት። እኔም ያኔ ሰውዬውን እንዲሁ አመስግኜዋለሁ። መጥላት የጀመርኩት ማደንዘዣው ሲለቀኝ ነው።