የአልቅቱ አፍ

አስማረ ጓሮ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ውኃ በተሞላ ሳፋ ላይ አጎንብሷል። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ፎገራ ላይ ጉሮሮው የደማ ሰው ሁሉ እንዲህ ይደረጋል። ከኩሬ ሲጠጣ አልቅት ገብቶበታል ይባላል፤ የተጠማ አልቅት ደግሞ ውኃ ሲሸተው ብቅ ይላል።

እኔ የማየው አንገቱን ነበር። ከግራ ጆሮው ዝቅ ብሎ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። አያመውም። የሚያስፈራኝም አለማመሙ ነው።

አስማረ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሩዝ ያመርታል። እኔ ሩቅ አገር የቆየሁት በቫይረስ የሚመጣ የጉሮሮ ካንሰርንና ካንሰሩን የሚዋጉትን የደም ሕዋሳት ሳጠና ነው። ወረታ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ ያንኑ በሽታ በገዛ ወንድሜ አንገት አገኘሁት። ይህ ለእኔም አይዋጥልኝም። አንድ ነገር ሲፈልግ የኖረ ዓይን የሌለውንም ያያል።

ቀደም ሲል ጎንደር ወስጄው ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደለት፤ እሱ ፈቅዶልኝ ከፊሉን ወደተማርሁበት ቤተ ሙከራ ላክሁ። መልሱ መጣ። ካንሰር ነው፤ ቫይረስ አለበት፤ ተከላካይ ሕዋሳትም ካንሰሩን ወረውታል። ይህ የመጨረሻው ግን መልካም ወሬ ነው፤ ሰውነቱ ጠላቱን ለይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቶሎ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይድናል። አዲስ አበባ ሄዶ የጨረር ሕክምና ይውሰድ ስል ግን ሰሚ አጣሁ። የቀበሌው የአንድ ለአምስት ቡድን ጠርናፊ ሳይቀር «ውጭ አገር የላክሽው እሽግ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአስማረ ሚስት ዙፋን ደግሞ «ሥጋ ላኪዋ» ትለኛለች።

«ዝም በሉ፤ መጣ!» አሉ አያ አድማሴ፣ አልቅት በማውጣት የታወቁት ሽማግሌ። ወረንጧቸውን ወደ ጉሮሮው ሰደዱና ሳቡ። ጥቁር ነገር ሳፋው ውስጥ ወድቆ ተጥመለመለ።

እውነተኛ አልቅት ነበር።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ዶክተርዬ፣ ካንሰርሽ ይኸው ይዋኛል!» አሉኝ አያ አድማሴ።

አስማረ በቅል የሰጡትን ንጹሕ ውኃ እየተጎነጨ፣ «እቴ፣ የመርፌሽን ያህል እንኳ አላመመኝም» አለ።

«አንገትህስ፣ ጋሼ?»

«የአልቅቱ ነዋ! ይወርዳል።»

ናሙናው ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ቢሆንስ? ራሴን ተጠራጠርሁ። ዙፋን ግን አልሳቀችም። የታመመች ላም ስትመረምር እንደምታደርገው እብጠቱን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

በገበያው ቀን ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ካለው ቤቴ መጣች።

«አልወረደም» አለች። «ከብት እንኳ አልቅቱ ሲወጣለት እብጠቱ ይጎድልለታል። የሱ ጠጥሯል። ቫይረስ ያልሽው... ያኛው ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ይሄ ሌላ ነው። በመሳሳም፣ በግንኙነት ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይይዘዋል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ሰውነቱ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ተደብቆ ዓመታት ይቆያል።»

«ከማን ያዘው?»

«አይታወቅም።»

እሱን የጠረጠረች መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እሱን ሳላገባ ደራ አገር ሌላ ባል ነበረኝ። ከኔ ቢሆንስ?»

«ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«እንግዲያው ይሄን ለሱ እንዳትነግሪው። ማስኬዱን ለኔ ተዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ዙፋን ልካብኝ ብሄድ ሁለቱም መናኸሪያ ቆመው አገኘኋቸው።

«የአልቅቱ አፍ ውስጤ ቀርቷል አሉ» አለ አስማረ ጮክ ብሎ። «ዙፋን ናት የነገረችኝ። የአዲስ አበባ ሐኪሞች ያውጡት እንጂ!»

አፌን ልከፍት ስል ዙፋን አፈጠጠችብኝ። እውነቱን ካልነገርሁ ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ያስቀየምሁ እኔ፣ አሁን ውሸቷን አለፍሁላት። እሷ አገልግሏን ይዛ ቀድማ ገባች።

አስማረ ጠጋ አለኝ። «አልቅት አፉን ትቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ከዚህ ረግረግ ነው ያደግሁት። ግን ፊቷን አየሽው? ያመንሁ ይምሰላት።» ወደ አውቶቡሱ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይዋጉልሃል ያልሽኝ ሕዋሳት፣ እውነት አሉ?»

«አሉ፣ ጋሼ።»

«እስክደርስ ይጠብቁኛል?»

ልምልለት ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። «እስካሁን ጠብቀውሃል» አልሁት።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረው፤ ያልነገርሁት ነገር እንዳለ የጠረጠረ ይመስላል። ከዚያ ጋቢውን እብጠቱ ላይ ጎትቶ ደረጃውን ወጣ።